ሙከራ ማሳ ላይ ገበሬውን መቼ ነው የምንጠይቀው?

እሸት · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሰብል ምርምር ስሠራ ይሄ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ እዚህ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። ትንሽ ይረዝማል።

ካቻምና አምስት የተሻሻሉ የስንዴ ዝርያዎችና አንድ የአካባቢውን ስንዴ ይዘን አንድ ቀበሌ ገባን። ዝርያዎቹን የመረጥነው እኛ ነን። ማሳውን የመረጠልን ወረዳው ነው። ገበሬዎቹን የጠራናቸው ሰብሉ ደርሶ፣ የመስክ ቀን ሲደረግ ነው። ባነር ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ። እኔ ብዙ ምርት የሰጠውን ዝርያ እያሳየሁ ስለ ኩንታሉ ሳወራ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቁመቱ ጉልበቴ አይደርስም። እኔ ከጠገብኩ በሬዎቼስ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ «ምርቱ ሲጨምር ሁሉም ይስተካከላል» ብዬ አለፍኳቸው።

አምና ያንን ዘር ለሃያ ገበሬ አከፋፈልን። በመኸር ስንዞር ጥግ ላይ ትንሽ ቁራሽ መሬት ዘርተውለታል። ዋናው ማሳ ላይ የቆመው ያው የድሮው ስንዴ ነው። በሪፖርቴ ላይ ምክንያቱን «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጻፍኩ። ሴትየዋ የነገሩኝን ግን አላስገባሁትም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዘንድሮ እዚያው ቀበሌ እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። እስከ ዘር ጊዜ ሁለት ወር ገደማ አለ። ከገበሬው ጋር አብሮ መመራመር የሚባለውን ነገር በእውነት የሠራችሁ ሰዎች፣ ከየት ጀመራችሁ?

---

መረሬ · ሰኞ ማታ

ልጄ እሸት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ ስሜን ያየ ያውቃል።

አገራችን ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፣ እግር ይውጣል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ይጠብቃል። ጤፉን ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ሽምብራና ጓያውን ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል። ያ ለም አፈር ዋናውን ዝናብ ባዶውን ያሳልፋል ማለት ነው።

እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ግን ሰው ከጥንት ጀምሮ ሌላ ዘዴ ነበረው። በእጅ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው ይወርዳል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። ጎንበስ ብሎ ያንን የሚያጣብቅ ጭቃ በእጅ ማንሳት ነው። ያየሁት ስለሆነ ዛሬም ወገቤን ያመኛል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ሲቋቋም፣ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የአገር ውስጥ ተቋማት ሁለት ማረሻ አገጣጥመው በበሬ የሚሳብ መደብ ማውጫ ሠሩ። ቢቢኤም የሚባለው ነው። ስንዴን በሰኔ ለመዝራት ያስችላል። ሙከራ ማሳው ላይ ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር።

ገበሬው ማሳ ላይ ስንሄድ ግን ሌላ ነገር ሰማን። አንደኛ፣ ሰኔ ላይ በሬው ከሲታ ነው። ድርቆሹም ጭዱም ያለቀበት ጊዜ ነው። መሳሪያው ደግሞ ከባድ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከእኔ ማሳ የወጣው ውሃ የት ይሂድ? ጎረቤቴ ማሳ ላይ ይተኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ዝም አይልም። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገው ጸብ ነው። መውረጃው ከላይ እስከ ታች በስምምነት መቀደድ አለበት። ያንን ስምምነት የሚያመጣው ማረሻው አይደለም። ሽማግሌ፣ ዕድር፣ ሰፈር ነው።

እኛ ስለ ብረቱ ክብደት ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል። ስለ ጎረቤቱ ማሳ የጠየቅነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ዘር ሳትይዢ ሂጂ። አሁን፣ መሬቱ ባዶ ሳለ ሂጂ። «ምን ላምጣላችሁ?» አትበያቸው። «አምና ክረምት ምን ቸገራችሁ?» ብለሽ ጠይቂና ቁጭ ብለሽ ስሚ።

---

አዝመራ · ማክሰኞ ጠዋት

ሴትየዋ ልክ ናቸው። ጭድ ገንዘብ ነው። የጤፉ ለምርጊት ይሸጣል፣ የስንዴውና የገብሱ ከብት ያከርማል። እህሉን ብቻ መዝነሽ ጭዱን አውድማ ላይ ከተውሽው የሰብሉን ግማሽ ነው የረሳሽው።

---

የመንዝ ልጅ · ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ ከሰብል ወጥቼ ስለ በግ ላውራ። ጥያቄው አንድ ነውና።

እኛ አገር ውርጭ አለ፣ ገብሱ አንዳንድ ዓመት ይከዳል። በግ ግን አይከዳም። ሱፉ ባናና ዝተት ይሆናል፣ ጠቦቱ ግብር ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። በዚያ ላይ ድሮ «እናሻሽልላችሁ» ተብሎ የውጭ ዝርያ ይመጣ ነበር። ኮሪዴል የሚባለው መጣ። ክልሱን ሰው አልወደደውም። ለምን? ላት የለውማ! ላት የሌለው በግ መንዝ ውስጥ በግ አይመስልም፤ ገበያ ላይም አይጠየቅም። በኋላ አዋሲ መጣ። እሱ ላት ስላለው ይሻላል ተብሎ አመድ ጉያና ደብረ ብርሃን ባሉት የበግ ማራቢያ ጣቢያዎች ሲራባ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን አካሄዱ ተለወጠ። ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት፣ ቪየና ካለው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ ጀመሩ። በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ላይ ነው። መንዝ ውስጥ ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ ተሠርቷል። እኔን የገረመኝ አጠያየቃቸው ነው። ወረቀት ይዘው «ከሚከተሉት ባሕርያት የትኛውን ይመርጣሉ?» አላሉም። በረቱ ድረስ ሄደው ለባለቤቱ «ከእነዚህ በጎችህ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን አሳየኝ። ከዚያ የመጨረሻዋን አሳየኝ» አሉት። ቀጥለው «ለምን?» ብለው ጠየቁ።

እንዲህ ሲጠየቅ ሰው የልቡን ያወራል። «ይቺ ቀጭን ናት ግን ጠቦት አትገድልም።» «ይቺ ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች።» «ያቺ ጥቁር ናት፣ ገበያ ታዋርደኛለች።» ይሄ ሁሉ ተመዝግቦ የመምረጫ መስፈርት ሆነ።

ሌላው ትልቅ ነገር የአውራው ጉዳይ ነው። ቶሎ የሚያድግ ወንድ ጠቦት ለበዓል ቀድሞ ይሸጣል፤ ጥሩ ዋጋ ያወጣላ። መንጋው ውስጥ ቀርቶ የሚያስረግዘው ቀጫጫው ነው። ይሄ ለዓመታት ሲደጋገም ዝርያው እያነሰ ይሄዳል። ገበሬው ይሄን ያውቃል። ግን አንድ ሰው ብቻውን አውራውን ላለመሸጥ አቅም የለውም። ስለዚህ በማኅበር ሆነ። በጎቹ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ይደረጋል። የሰፈሩ ልጅ ተቀጥሮ የሚወለደውን ይመዘግባል፣ ይመዝናል። የምርጫ ቀን ወጣት አውራዎቹ ይሰለፋሉ። ተመራማሪው የክብደቱን መዝገብ ያመጣል። ከገበሬዎቹ የተመረጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ላቱን፣ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ አቋቋሙን ያያሉ። በመዝገብ አንደኛ የሆነው በዓይን ሊወድቅ ይችላል። የተመረጡት በጋራ ይያዛሉ፣ ለየሰፈሩ ይዞራሉ፤ የቀሩት ይቀለባሉ፣ ይሸጣሉ።

ቦንጋ ላይ ሥራው አድጎ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሆኗል። ከሌላ አካባቢ መጥተው አውራ የሚገዙ አሉ። ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ ያላለቀ ነገር ስላየሁ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

---

ዋግ ተከታታይ · ማክሰኞ ማታ

ሁሉንም በደስታ አነበብኩ። ግን አንድ ነገር ልቃወም። እኔ የሥራ ዘርፌ የሰብል በሽታ ነው።

ገበሬው በዓይኑ ያለውን ያያል። ገና ያልመጣውን በሽታ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ሲነሳ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች የዘራው ሰው ምን እንደደረሰበት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ሰው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፣ ገበሬውም ወደደው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አወደመው። ቡቃያው ሲያምር ያየ ሁሉ «ይሄን ስጡኝ» ነበር ያለው። ገበሬው የወደደው ዝርያ ላይ ጠጠር እየጣለ ድምፅ ቢሰጥ ዲገሉ ያሸንፍ ነበር።

ስለዚህ ገበሬ ይምረጥ ስንል ምን ማለታችን ነው? ለበሽታ የተጋለጠ ዝርያ ወደ ምርጫው ከገባ ኪሳራው የእሱ ነው፣ የእኛ አይደለም። ደመወዛችን በወሩ ይገባል። እኔ ይሄ ያስፈራኛል።

---

ዘር ጠባቂ · ረቡዕ ጠዋት

@ዋግ ተከታታይ፣ ስጋትህ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዲገሉ ያን ያህል ሰፊ ቦታ ባይዝ ኖሮ ጉዳቱ ያን ያህል ባልሆነ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲዘራ ዋጉ መንገድ ያገኛል። ገበሬዎችን ከልብ ስትጠይቃቸው ደግሞ አንድ ዝርያ ብቻ አይመርጡም። ለዳቦው አንድ፣ ለቂንጬው አንድ፣ ዝናብ ቢያጥር የሚደርስ አንድ ይላሉ።

የሚገርመኝን ጥናት ልንገራችሁ። አማራ ክልል ገረገራና ትግራይ ሀገረ ሰላም ላይ 400 የስንዴ ዓይነት ተዘራ። አብዛኞቹ የአገር ዘር ከሚጠበቅበት ከጂን ባንክ የወጡ የገበሬ ዝርያዎች ናቸው። በየቦታው 30 ገበሬ፣ ወንድም ሴትም፣ እያንዳንዱን መደብ እየዞረ ነጥብ ሰጠ። ቶሎ መድረሱን፣ ዛላውን፣ ከአንድ ዘር የሚያወጣውን የግንድ ብዛት፣ አጠቃላይ ጥራቱን። በጠቅላላው 192,000 ነጥብ ተሰበሰበ። ጎን ለጎን ተመራማሪዎቹ በሜትርና በሚዛን ለኩ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የገበሬው ነጥብ ዝም ብሎ አስተያየት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ልኬት ሊሰላ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ከሳይንቲስቱ ልኬት ጋር በከፊል ይገጥማል፣ በከፊል አይገጥምም። የማይገጥመው ነው ለእኔ ትልቁ ነገር። እሱ ሌላ መሳሪያ ያላየው መረጃ ነው። ደግሞ ምርጫው በጾታም በቦታም ይለያያል።

ይሄ ሥራ ከየት እንደተነሳም ማስታወስ ደስ ይለኛል። ጂን ባንካችን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም ዘር ሰብስቦ በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ነበር ዋናው ሐሳብ። ነፍሳቸውን ይማርና ዶ/ር መላኩ ወረደ ግን ዘሩ ገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ብለው ታገሉ። በድርቁ ዘመን ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ አይተዋል። ከገበሬዎች ጋር ሆነው የአካባቢ ስንዴዎችን መርጠው ወደ ማሳ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው።

---

ዋግ ተከታታይ · ረቡዕ ምሳ ሰዓት

በዚህ ተስማማሁ። እንግዲያው እኛ ሥራችን በሽታውን ቀድመን ማጣራት ነው። ቢሾፍቱና ቁሉምሳ ምርምር ማዕከላት ለዋግ ተፈትኖ የወደቀው ወደ ገበሬው አይሂድ። ያለፉት ሁሉ ይሂዱ፣ ምርታቸው ትንሽ ዝቅ ቢልም ይሂዱ። ከዚያ እሱ ይምረጥ። እሸት፣ ዝርያዎችሽን ላኪልኝ፣ በውስጥ መስመር አብረን እንያቸው።

---

የቀበሌ ባለሙያ · ረቡዕ ማታ

የልማት ሠራተኛ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት አንድ ወረዳ ውስጥ። ተመራማሪዎች ስትመጡ የምታስቸግሩን ነገር አለና በቅንነት ልናገር።

ስልክ ትደውላላችሁ። «ነገ ሃያ ገበሬ አዘጋጅልኝ» ትላላችሁ። እኔ በአንድ ቀን ሃያ ሰው ከየት አመጣለሁ? የማገኘው መንገድ ዳር ያለውን፣ ስልክ ያለውን፣ ስብሰባ የለመደውን ነው። ሁሌ እነዚያው ሰዎች ናቸው። አበሉን ያውቃሉ፣ የምትፈልጉትን መልስም ያውቃሉ። ቆላማው ጎጥ ያለው፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው፣ ባሏ የሞተባት፣ መሬቱን በእኩል የሰጠው፣ እነዚህ አይመጡም። እናንተም አትጠይቋቸውም።

ቀኑንም አትጠይቁም። ጊዮርጊስ፣ ሚካኤል፣ ሰንበት፣ ገበያ ቀን እያለ ትመጣላችሁ። ሰው ከአክብሮት የተነሳ ቁጭ ይልላችኋል፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ጥሩ የሠራ ሰውም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ መልካሳና አዳሚ ቱሉ ምርምር ማዕከላት የገበሬ ምርምር ቡድን የሚባል አሠራር ጀመሩ። በኋላ ወደ ሌላም ቦታ ሰፋ። ጥቂት ገበሬዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ። ችግሩን አብረው ይለያሉ፣ ሙከራውን ራሳቸው ማሳ ላይ ያካሂዳሉ፣ በየጊዜው ተሰብስበው ያያሉ። ተመራማሪውና የልማት ሠራተኛው አባል ናቸው። የእኔ ሥራ ሰው መጥራት ብቻ አልነበረም፣ እኔም አብሬ እመዘግብ ነበር። ተመራማሪው ሲቀየር ቡድኑ ስለሚያውቀው ሥራው አልቆመም።

---

ድንብላል · ሐሙስ ጠዋት

ስለ ሴቶች ዘር ጠባቂ ነካ አድርጎ አለፈ። እኔ ልጨምርበት።

ወንድና ሴት አብረው ቆመው ጠጠር ጣሉ ከተባሉ ሴቶቹ ባሎቻቸው የጣሉበት ላይ ነው የሚጥሉት። አይቼዋለሁ። ለየብቻ ይሁን። ጠጠሩም ተሸፍኖ ይጣል፣ እፍኝ ባቄላና ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ውጤት አብራችሁ አንብቡት። ክርክሩ ያኔ ይጀምራል፤ ከቁጥሩ የበለጠ የምትማሪው ከክርክሩ ነው።

ሌላው፣ ምርጫው ማሳ ላይ አያልቅም። እህሉ ወደ ቤት ይገባል። ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል። ቦሎቄ ላይ ስሠራ ማሳ ላይ ሁሉም የወደደው ዝርያ ምድጃ ላይ ሲጣድ ማገዶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አንዷም አልፈለገችውም። ስለዚህ ስንዴሽን አስጋግሪው። ዱቄቱን ስጪያቸውና ዳቦውን አብራችሁ ቅመሱ። የቆሎውንም ጠይቂ።

ለነገሩ የጤፍ ሰዎች ይህንን ቀድመው አይተውታል። ዱከም ተብሎ የተለቀቀው ጤፍ ምርቱ ጥሩ ነበር፣ ንጣቱ ግን እንደ ማኛ አልነበረም። ገበያው ነጭ ነው የሚፈልገው። ደብረ ዘይት ላይ ሁለቱን አዳቀሏቸው። የጤፍ አበባ የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያ ራሱ ስንት ልፋት ነው! እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ወጣ። የዱከም ምርት፣ የማኛ ንጣት። ገበሬው ማሳ ላይ አብሮ ገምግሞታል። በአጭር ዓመታት ውስጥ ያን ያህል የተዛመተው ሰው የጠየቀውን ነገር ይዞ ስለመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

---

እሸት · ዓርብ ማታ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ጋሼ መረሬ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። አንዱ እነዋሪ ተወላጅ ነው። እናቱ መደብ ሲሠሩ ልጅ ሆኖ አብሮ ጭቃ ያነሳ እንደነበር ነገረን። ሦስት ዓመት አንድ ቢሮ ስንቀመጥ አላወቅሁም።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያለ ዘር እሄዳለሁ። ከልማት ሠራተኛዋ ጋር ቀን ተቀጣጥረናል፣ ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ሦስት ጎጥ ለየብቻ እናያለን፣ ከታች ካለው እንጀምራለን። ዝርያዎቹን ወደ ዘጠኝ አሳድጌያለሁ። @ዋግ ተከታታይ፣ ሁለቱን ያስወጣኸኝ በጊዜ ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ ሰፊ ሙከራ ሁሉንም ይዞ በአንድ ማሳ ላይ ይኖራል። የቀሩት ገበሬዎች ደግሞ የመረጧቸውን ሁለት ሁለት ዝርያ በራሳቸው ማሳ፣ በራሳቸው አስተራረስ ይዘራሉ። ምርጫ ሦስት ጊዜ ይሆናል። እሸት ሲሆን፣ ሲታጨድ፣ ዳቦ ሲሆን። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ።

አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ አለ። ሙከራው ያልተሳካለት ገበሬ ኪሳራውን ማን ይሸፍናል? አለቃዬን ጠየቅሁ፣ በጀት የለውም አለኝ።

---

የቀበሌ ባለሙያ · ዓርብ ማታ

ይሄን ሳትፈቺ አትዝሪ። ቢያንስ የሙከራውን ቦታ አሳንሺው፣ ከጥማድ ሩብ አይብለጥ። ዘርና ማዳበሪያውን እናንተ ቻሉ። የምትችሉትንና የማትችሉትን በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገሪ። ሰው ቁርጡን ካወቀ አይቀየምም።

---

መረሬ · ቅዳሜ ጠዋት

ልጄ፣ ያቺን እናት ታገኛቸዋለሽ?

---

እሸት · ቅዳሜ ጠዋት

አዎ ጋሼ። ማክሰኞ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ቤት ነው። ልማት ሠራተኛዋ ነግራቸዋለች። «ያቺ ስለ ኩንታል የምታወራው ልጅ ናት?» ብለዋል አሉ። ካቻምና የነገሩኝን ጽፌ ይዣለሁ፣ በትክክል መስማቴን እጠይቃቸዋለሁ። ለጭዱም ትልቅ ሚዛን ከከብት ክፍሉ ተውሻለሁ።

---

አዝመራ · ቅዳሜ ጠዋት

ጭዱን ሲደርቅ መዝኚው፣ እርጥቡ ያሳስትሻል። ለበሬዎቹም አቅርቢላቸውና የትኛውን አስቀድመው እንደሚበሉ እዩ። ስትመለሺ ጻፊልን።